ጎማው ሌላ ቀን

የጥብቅና ፈቃዴን የመለስኩ ዕለት የመዝገብ ቤቷ ልጅ «እንግዲህ ጋሼ፣ ይረፉ» አለችኝ። ማለት ቀላል ነው። ከግቢው ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩና ገና እግሬን ሳላስገባ እጄ ወደ ጎማው ሄደ። ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ባለባጃጁ «አባባ፣ ምን ጠፋዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? ብነግረው ያመመው ሽማግሌ ነው ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። ጣቴን ጠርጌ ገባሁ።

ጅግጅጋ ውስጥ «ጎማ የሚዳብሰው ጠበቃ» ነው ስሜ። ጫት ሻጮቹ ሳይቀሩ ሲያዩኝ አውራ ጣታቸውን ቀስረው ይስቃሉ። ይሳቁ! ከዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ይኸው ጣት ነው። የጡረታዬን ነገር ተዉት፣ ማንሳቱም ያሳፍራል። ግን ለምን እንደምዳብስ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለምና ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ጅግጅጋ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከአሰላ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ተመደብኩ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ሁለት ሸሚዝ ብቻ ይዤ መጣሁና እዚያው ሸበትኩ። አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፋይል መዝጋት እንጂ ማንበብ የማይወድ ሰው ነበር። «ሰው ሞቷል? ሞቷል። ሾፌር አለ? አለ። በቃ ክሰስ፣ ምን ትፈላሰፋለህ!» ይለኛል። እኔም እከስ ነበር። ሾፌር መክሰስ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታው ላይ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ያነቃኝ የሐርተሼኩ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ሐርተሼክ ዓይን የማይጨርሰው የስደተኛ መጠለያ ነበር፤ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው። አንዱ ቦቴ ወደ ኋላ ሲል ውሃ ልትቀዳ የቆመች ሴት ገጭቶ ገደለ። ሾፌሩን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ከሰስኩት። ጠበቃው ተነስተው «ፍርድ ቤቱ መኪናውን ይይልኝ» አሉ። ሁላችንም አቧራ እየቃምን ሄድን።

እኚህ ጠበቃ ጋሽ ዩሱፍ ነበሩ። የጅግጅጋ ተወላጅ ሶማሌ ናቸው፤ ቀድሞ ዳኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላይ ኮት ከታች ሽርጥ የሚለብሱ፣ አማርኛቸው ከኔ የጠራ ሰው። እኔን ከሳሹን ክንዴን ይዘው የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ወደ ቦቴው ጀርባ ሄዱ።

«አየኸኝ?» ብለው ጮኹ።

«አላየሁዎትም!»

«እንግዲያው ወደ ኋላ በልና ግደለኝ፤ ከዚያ ራስህን ክሰስ!»

ዳኛው ሳይቀር ሳቀ። ስፖኪዮው የለም፤ የቀረው ባዶ ብረቱ ብቻ ነው፤ የተሰበረበት ቦታም ዝጓል። ከአደጋው ብዙ ቀደም ብሎ የተሰበረ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ተለቀቀ። ቦቴውን ዓይኑን አውልቆ ያሰማራው ድርጅት ግን ስሙ እንኳን ሳይነሳ ቀረ፤ እኔን ደግሞ አለቃዬ «ተከሳሽ አስመለጥክ» ብሎ ጠመደኝ። ጋሽ ዩሱፍ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሾፌሩን ተወው፣ ዕቃውን ጠይቅ። ዕቃ አይዋሽም» አሉኝ።

ቆይቶ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ሲሆን የኔ ሶማሊኛ ደግሞ ከገበያ ያልዘለለ ስለነበር ወንበሬን ለባለቤቱ ለቀቅኩ። አልከፋኝም፤ አገራቸው ነው። የጥብቅና ፈቃድ አወጣሁና ጋሽ ዩሱፍ ቢሮ ገባሁ። ቢሮ ስላችሁ ከገበያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት።

የእኚህን ሰው አሠራር ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይሞቃል። አካሉ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ስለ አደጋው አይጠይቁትም። «ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው?» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ የወፍጮ ቀበቶ ጣቶቹን የቆረጠበት ሰው መጣ። «ሸሚዜን እቆልፋለሁ» ብሎ መለሰና ያን ቀን ማን እንደቆለፈለት ትዝ ሲለው ሆዱ ባሰው፤ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጋሽ ዩሱፍ አላባበሉትም። ሻሂ ቀዱለትና «ይኼን መጀመሪያ ላይ ጻፈው» አሉኝ። ክሱ «ከሳሽ ከእንግዲህ ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት» ብሎ ጀመረ። ዳኛው ቀና ብሎ ሰውየውን አየው። ከዚያ በኋላ የሕጉን ቁጥር ብንጠቅስ ይሰማናል፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ አይሰማንም ነበር።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ፤ እሱን ባላስተማሩኝ የምልበት ቀን አለ። አንድ እግራቸው ፍርድ ቤት፣ አንድ እግራቸው ሽምግልና ላይ ነበር። ሶማሌዎቹ ማግ የሚሉት የደም ካሳ አላቸው። ሰው ሲሞት የገዳዩ ጎሳ አዋጥቶ ለሟቹ ጎሳ ይከፍላል፤ ኦዳዮቹ፣ ማለትም የጎሳ ሽማግሌዎቹ፣ ያስታርቃሉ፤ የዕርቁ ወረቀት ፍርድ ቤት ይገባል፤ ፋይል ይዘጋል። የመሐል አገር ሰው ይኼን ሲሰማ አፍንጫውን ይነፋል። አይንፋ። ያ ማግ ባይኖር ስንት ደም ይፈስ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የሚመጣው ጎሳ የሌለው ሰው ሲገጭ ነው። ሐበሻ ሾፌር ጎሳ የለውም። ዕድር አለው፤ ዕድር ደግሞ ለሞተ እንጂ ለገደለ አይከፍልም።

ሽመልስ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የደብረ ዘይት ልጅ ነው፤ በራሱ ሚኒባስ ከጅግጅጋ ካራማራን ተሻግሮ ሰው ያመላልሳል። ሳቂታ፣ ለፍላፊ፣ ሶማሊኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከካራማራ ወደ ጅግጅጋ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማው ፈነዳና ሚኒባሱ ተገለበጠ። ወተቷን ይዛ ወደ ገበያ የምትመጣ ሂቦ የምትባል ወጣት ተሳፋሪ ሞተች። እሱ ተረፈ።

ሚስቱ ዓለምነሽ ቢሮአችን እያለቀሰች መጣች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትንሹን ታቅፋዋለች። «ለራሱ ደኅንነት ነው ብለው አይለቁትም፤ ማግ ካልተከፈለ አይወጣም ይሉኛል። ማን ይክፈልለት ጋሼ? ማን አለውና!» አለች። እስር ቤት ሄደን አየነው። ያ ሳቂታ ሰው ከንፈሩ ደርቋል። አጥሩን ይዞ «አልሮጥኩም። ሮጬ ቢሆን እሺ፣ ይገባኛል። ጎማው እኮ አዲስ ነበር! በቅርቡ ነው ከዑመር ጎማ የገዛሁት» አለኝ።

ዑመር ጎማ የከተማው ትልቁ ጎማ ነጋዴ ነው፤ ከንግዱ የተነሳ ሰዉ እንዲህ ይጠራዋል። ጎማው በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ በኩል በጭነት ይገባለታል። ደግ ሰው ነው ይሉታል። ደግ ነው፤ እኔም አልክድም። መስጊድ ያሠራል፣ ለድሃ ይሰጣል፣ ለበዓል ለክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቹ ሳይቀር በግ ይልካል።

ቦታው ሄድን። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነው። ጋሽ ዩሱፍ ሚኒባሱ የወደቀበት ቦታ አልቆሙም፤ ሽቅብ ወጡ። ከኩርባው በላይ የጎማ ቁርጥራጭ ለቀሙ። ከዚያ በታች ቸርኬው ጠጠሩን እንደ ማረሻ ቦይ አውጥቶበታል። «አየህ? ጎማው የፈነዳው ከኩርባው በፊት ነው። ተገልብጦ አይደለም የፈነዳው፣ ፈንድቶ ነው የተገለበጠው» አሉኝ። የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን ላይ ግን ከኩርባው በላይ ያለው መንገድ ጭራሽ የለም። ፕላኑ የሚጀምረው ከሬሳው ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ጎማው በኤግዚቢትነት አጥር ጥግ ተጥሏል። ጋሽ ዩሱፍ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊቱ ቁጢጥ አሉና አውራ ጣቴን ይዘው የጎማው ጎን ላይ አስኬዱት። ዙሪያውን ፊደሉና ቁጥሩ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቴን አንሸራተተው፤ እንደተላጨ አገጭ ለስላሳ ነው። «እዚህ ጋ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውታል» አሉ። መሐረባቸውን ቤንዚን አስነክተው ጎማውን ወለወሉት፤ መሐረቡ ጥቁር ሆነ። የጫማ ቀለም ነው! ከሥሩ ላስቲኩ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። ጥርሱ ደግሞ የፋብሪካ ጥርስ አይደለም፤ ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ምላጭ የተቀረጸ ነው። አንዳንዱ ጋ ምላጩ ጠልቆ ውስጡን ያለውን ክር ቆርጦታል። ዕድሜውን የጨረሰ ጎማ አዲስ አስመስለው ነው የሸጡለት።

ሕጉ ዕቃ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበ ሰው ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል። «ዑመር ግን እኔ አልሠራሁትም፣ ሸጥኩ እንጂ ይላል» አልኩ። ጋሽ ዩሱፍ ፈገግ አሉ። «ጥርሱን የቀረጸ፣ ዕድሜውን የፋቀ፣ ቀለም የቀባ ሰው ዕቃ አልሠራም? ፋብሪካውማ ይኼን አላወጣም። ይኼ ዕቃ የተሠራው እዚሁ ጅግጅጋ ነው» አሉኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ክስ በዚያ አገር ማንም አላቀረበም።

ቀራጩን ፈልጌ አገኘሁት። ከዑመር ሱቅ ጀርባ ጎማ ታቅፎ ምላጩን ያግላል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአሰላ ልጅ! የሰፈሬን ስም ስጠራለት ደስ ብሎት ተነስቶ ሳመኝ። ስለ ሥራው ስነግረው ደግሞ ምንም አልደነገጠም። «ጋሼ፣ እኔ ባልቀርጸው ሌላው ይቀርጸዋል። አዲስ ጎማ የሚገዛበት ያለው ሾፌር የታለ?» አለኝና ወደ ምላጩ ተመለሰ። ሶማሌው እንዲህ አደረገ፣ ሐበሻው እንዲህ ሆነ የሚሉኝ ሰዎች ስለዚህ ልጅ ስነግራቸው አይወዱም።

ክሱን እየጻፍኩ ሳለ ሽምግልናው ተጠራ። ከአንድ ኦዳይ ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ነው የተቀመጡት። ሽመልስን በፖሊስ ታጅቦ አመጡት። የሂቦ አባት አው ሮብሌ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ አው የሚሉት የተከበረ ሽማግሌን ነው። ሰውነታቸው ከስቷል፣ ዓይናቸው ግን አይነቃነቅም። ዑመርም ከትላልቅ ነጋዴዎች ጋር ተጋብዞ መጥቷል፤ ያለ እሱ የሚሆን ዕርቅ የለም።

በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁርጥራጩን፣ ቦዩን፣ የተፋቀውን ቁጥር፣ የጫማ ቀለሙን። ሲያቅተኝ ጋሽ ዩሱፍ ያቃኑልኛል። ስጨርስ አው ሮብሌ በትራቸውን ምንጣፉ ላይ አጋደሙና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄን የገደላት ሾፌሩ አይደለም ትለኛለህ።»

«አዎ።»

«ጎማ ነው የገደላት።»

«አዎ።»

«እሺ። ጎማ ጎሳ አለው?»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። የቀለዱ መስሏቸው አንድ ሁለቱ ሳቅ አሉ፤ ሽማግሌው ግን እየጠየቁ ነበር። ማጉን ከማን ነው የምጠይቀው ማለታቸው ነው። እኔም አላቅማማሁም።

«አለው አው ሮብሌ። ጎሳው እዚህ ተቀምጧል» ብዬ ወደ ዑመር ጠቆምኩ።

ፖሊሱ እንኳን ጫቱን ማኘክ አቆመ። ዑመር የሻሂ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ይክዳል፣ ይቆጣል፣ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ በቀኝ እጁ ደረቱን ያዘ።

«ወላሂ እውነቱን ነው» አለ። «ጎማው ከኔ ሱቅ ነው የወጣው። ይኼ ልጅ ጎሳ የለውም ብላችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ጎሳው እኔ ነኝ። ማጉን እኔና ወንድሞቼ እንከፍላለን።»

ግቢው በምርቃት ተናጋ። ሽመልስ ተንበርክኮ የሰውየውን ትከሻ ሳመ። እኔ ቂሉ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር! ወረቀቱ ሲነበብ ነው የገባኝ። ማጉ ከተከፈለ በኋላ ነገሩ ከነሥሩ አልቋል፤ ስለ ሾፌሩም ስለ ጎማውም ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይዤ የመጣሁትን እውነት ተቀብሎ፣ ከፍሎ ገዛብኝ።

አው ሮብሌ ብቻ አልመረቁም። «እሺ፣ ልጄን ከፈላችሁኝ። ነገ በዚህ ጎማ ለሚሞተውስ? አልሸጥም ብሎ ይማልልኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ኦዳይ በለሰለሰ ድምፅ መለሱ፤ «አው ሮብሌ፣ ገና ላልሞተ ሰው ማግ የለም።»

ምን ብዬ ልከራከር? የኔም ሕግ ያው ነው። ጉዳት ሳይደርስ ካሳ የለም ነው የሚለው። ሁለቱ ሕጎች በሌላ በሌላው ሲጣሉ ኖረው እዚህ ላይ ሲደርሱ ተጨባበጡ። ሽመልስን ወደ ጥግ ወሰድኩትና «ሽሜ፣ አትፈርም። ትንሽ ታገሰኝ፤ ጎማውን ፍርድ ቤት ላድርሰው፣ በነፃ ትወጣለህ» አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ «እርስዎ እስኪያሸንፉ እኔ እዚያ ልበስብስ ጋሼ? ልጆቼስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ፈረመ።

በመንገድ ላይ ከጋሽ ዩሱፍ ጋር ተጣላን። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮህኩባቸው። «ዕቃውን ጠይቅ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ! ጠየቅነው፣ መለሰልን፣ አፉን ዘጉት!» አልኳቸው። መራመዳቸውን ሳያቆሙ «ሰውየው ይውጣ። ጎማው ሌላ ቀን» አሉኝ። በቃ፣ ይችው ናት።

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ባዶ ነው። «ዕርቅ ወርዷል፤ ኤግዚቢቱ ለባለቤቱ ተመልሷል» አሉኝ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስጠይቅ ለካ የዑመር ሰዎች ናቸው የወሰዱት። ሽመልስ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ቢሮአችን በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ወጣሁ። ሚኒባሷ ተጠግና፣ ተቀብታ፣ ታጥባ ቆማለች። «ይመልከቱ ጋሼ፣ አራቱንም! በነፃ! ዑመር ነው ያስገባልኝ!» አለና የሚያብረቀርቁትን ጎማዎች አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩ። አራቱም ለስላሳ ናቸው።

«ሽሜ፣ በልጆችህ ይሁንብህ፣ አውልቃቸው።»

«ያስፈታኝ ሰው የሰጠኝን አውልቄ ምን ልበለው? ሰዉስ ምን ይለኛል?» አለና ሳቀ፤ «ጎሳዬ ነው እኮ አሁን!» ነድቷት ሄደ። ከዚያ በኋላም ጎማ ባለቀበት ቁጥር ከዑመር እንጂ ከሌላ አይገዛም። ባየሁት ቁጥር ለፈለፍኩበት። መጨረሻ ላይ ሲያየኝ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ።

ሰው እምቢ ካለ መንግሥት አለ ብዬ ደጅ ጠናሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት የጎማ ጥራት ይመለከታችኋል ብዬ ስገባ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በሕጋዊ መንገድ ያልገባ ዕቃ ጥራቱን አንቆጣጠርም።» ኮንትሮባንድ ስለሆነ የለም ማለት ነው! የሌለ ጎማ ደግሞ አይፈነዳም። ሌላው መሥሪያ ቤት «እኛ እንወርሳለን እንጂ አንመረምርም» አለኝ። እውነትም ይወርሳሉ። የወረሱትን በሐራጅ ይሸጡታል፤ በሐራጅ የገዛው ደረሰኝ ያገኛል፤ ያ ለስላሳ ጎማ ከመንግሥት ግቢ ሕጋዊ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ዓመት በፍርድ ቤት ያሸነፍኳቸው ጉዳዮች ነበሩ፤ አንዱም አያስደስተኝም።

ጋሽ ዩሱፍ ታመው አልጋ ሲይዙ በየቀኑ እሄድ ነበር። አንድ ከሰዓት እግራቸውን እያሻሸሁላቸው «ጋሽ ዩሱፍ፣ ሌላው ቀን መቼ ነው?» አልኳቸው። ስለ ምን እንደማወራ ወዲያው ገባቸው። «አንተ ገና ወጣት ነህ» አሉኝ። ፀጉሬ ያኔ ነጭ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔም እግራቸውን ማሻሸቴን ቀጠልኩ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ያችን ቃል ግን አፈር ከለበሱ በኋላም ይቅር አላልኳቸውም።

ከዚያ አስፋልት መጣ። ከተማው ጨፈረ፤ እኔም ጠጠሩ ሰልችቶኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያረጀ ጎማ በጠጠር ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይከርማል፤ በአስፋልት ላይ በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ ይግላል፣ ሲግል ይለቃል። ሽመልስ ቶጎጫሌ ሰው አድርሶ ባዶውን ሲመለስ የፊት ጎማው ፈነዳ። ከቦታው በሕይወት አልተነሳም።

ቀብሩ እንዳለፈ መጀመሪያ የሄድኩት ለቅሶ ቤት ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሰው ይፍረድብኝ። ጎማው ያው አጥር ጥግ ነበር። አውራ ጣቴን አስኬድኩት። ያችው ቦታ ላይ አንሸራተተው።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ዑመር ከዓለምነሽ ወንድም ጎን፣ ቤተ ዘመድ በሚቀመጥበት ተቀምጦ ለቀስተኛ ይቀበላል። ሩዙን ያመጣው እሱ፣ የውሃ ቦቴውን የላከው እሱ፣ ድንኳኑን ያስተከለው እሱ። ዓለምነሽ አጠገብ ተጠግቼ ቀስ ብዬ ነገርኳት። አሁን እሷ ከሳሽ ናት። የፈረመችው የዕርቅ ወረቀት የለም፣ ጎማው ገና ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ እኔ ያለ ክፍያ እቆማለሁ፤ ውክልና ትስጠኝ እንጂ።

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝ። «ማንን ልክሰስ ጋሼ?»

አገጬን ወደ ዑመር አንቀሳቀስኩ።

«ልጆቼን እኔ አስተምራለሁ ብሎ ትናንት በሰው ፊት ማለ። አባታቸውን በክስ አልመልስላቸውም። እሱን ደግሞ ካጣሁ ማን አለኝ?» አለችና አለቀሰች። «ይተዉኝ ጋሼ። በእናትዎ ይተዉኝ።»

ተውኳት። ምን አደርጋለሁ? ወጥቼ የድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። አው ሮብሌ ናቸው። ለታረቁት ሰው ለቅሶ ሊደርሱ ከገጠር መጥተዋል።

«ጠበቃ፣ ገና ላልሞተ ሰው ማግ የለም አሉኝ ያኔ» አሉ።

«አስታውሳለሁ አው ሮብሌ።»

«ይኸው አሁን ሞተ።» በትራቸውን ወደ ድንኳኑ ውስጥ ቀሰሩ። «ማጉን ማን ይጠይቅለት?»

«ጎሳው ነዋ የሚጠይቀው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ጎሳው ዑመር ነው። በሕዝብ ፊት ጎሳው ነኝ ብሏል። ከፋዩም እሱ፣ ተቀባዩም እሱ። አው ሮብሌ ፊቴን አይተው መልሴን አነበቡት መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ተነስተው ሄዱ።

ዑመር ሊሸኛቸው ወጥቶ ሲመለስ እኔ ጋ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጠበቃ፣ ልጄን አጣሁ እኮ» አለኝ። እንባው እውነተኛ ነበር። የውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ከነጎማው፣ ከነደግነቱ፣ ከነእንባው አንድ ሰው ነው፤ የቱን ይዤ የቱን ልከስ?

ልሄድ ስነሳ «ፀሐዩ ከባድ ነው፣ መኪናዬ ያድርስህ» አለና ሾፌሩን ጠራ። መኪናው መጥቶ ፊቴ ቆመ። ያብረቀርቃል። ዑመር እያየኝ ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን ዳበስኩ። ቁጥሩ ጣቴን ጎረበጠው፤ ከነሳምንቱ ከነዓመቱ ተጽፏል። ለራሱ የሚገዛው አዲስ ነው።

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ወደ ድንኳኑ አዞረ።

ሰፈሬ ሩቅ ነው። በእግሬ ሄድኩ።